ለክራር ተጫዋች ማንዶሊን ይሻላል ወይስ ባንጆ?

የጦሳ ክራር (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ የሙዚቃ ወዳጆች። ነዋሪነቴ ደሴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ክራር እጫወታለሁ፤ በሰርግና በበዓል ሰሞንም ማሲንቆ፣ ከበሮና አንዲት ዘፋኝ ካሉበት ቡድን ጋር እሠራለሁ። አሜሪካ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ለፋሲካ ሲመጣ እስከ 300 ዶላር የሚያወጣ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ሊያመጣልኝ ቃል ስለገባልኝ፣ ማንዶሊን ወይም ባንጆ እንዲሆን አስቤያለሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚስማማኝ ግን መወሰን አልቻልኩም።

ፍላጎቴን በግልጽ ላስቀምጥ። ዋናው ሥራዬ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ማጀብ ስለሆነ፣ መሣሪያው ለእነዚህ ቅኝቶች የማይታዘዝ ከሆነ የቤት ጌጥ ሆኖ ይቀርብኛል። ከዚህ ጎን ለጎን በስልኬ የምሰማቸውን ብሉግራስ የሚባለውን የአሜሪካኖች ፈጣን አጨዋወትና የአየርላንድ የጭፈራ ዜማዎችን ለራሴ ደስታ መማር እፈልጋለሁ። በቀኝ እጄ የምጫወተው በአብዛኛው በጣት ነው፤ ግርፍ ስጫወት ብቻ ፒክ እይዛለሁ።

ሌላም ጉዳይ አለ። እዚሁ ከተማችን ውስጥ አንድ ሰው ጀርባው እንደ ቅል የጎበጠ አሮጌ ማንዶሊን ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ይሁንና ክሮቹ ከአንገቱ በጣም ርቀው ስለቆሙ ወደ መሐል ወረድ ብዬ ስጫን ጣቴን ያመኛል። ሻጩ «ክር ሲቀየር ይስተካከላል» ይላል። እሱን ገዝቼ የወንድሜን ገንዘብ ለባንጆ ላውለው? ወይስ ከሁለት አንዱን መርጬ በእሱ ልጽና? የሚያውቅ ይምከረኝ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ወንድም የጦሳ ክራር፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ እሱን ማንዶሊን አይግዙት። ክሮቹ ከአንገቱ የራቁት አንገቱ ወደ ፊት ስለታጠፈ ወይም በርኩማው (ክሮቹን ተሸክሞ የሚቆመው እንጨት) የተቀመጠበት የፊት ገጽ ስለሰመጠ ነው፤ ሁለቱንም ክር መቀየር አያድናቸውም። እነዚህ ጀርባቸው የጎበጠ፣ የናፖሊ ዓይነት የሚባሉት ማንዶሊኖች የተሠሩት ለቀጫጭን ክር ነው። ባለቤታቸው ወፍራም ክር ከሰቀለባቸው ስምንቱ ክሮች ተባብረው ቀስ በቀስ አንገቱን ይስቡታል። ለማረጋገጥ ከፈለጉ መሣሪያውን ከፍ አድርገው ከጭንቅላቱ ወደ በርኩማው በአንድ ዓይን ይመልከቱ፤ አንገቱ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። በ12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተቀመጡት ብረቶች 12ኛው) ላይ ደግሞ ከፍሬቱ እስከ ክሩ ያለው ክፍተት ለማንዶሊን ከ2 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። እርስዎ እንደገለጹት ጣት የሚያም ከሆነ ከዚህ በእጥፍ ሳይበልጥ አይቀርም። እንዲህ ያለውን አንገት የሚጠግን ባለሙያ ማግኘት ደግሞ ማንዶሊኑን ከመግዛት የበለጠ ያስወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ማንዶሊን ስምንት ክር ይኑረው እንጂ ክሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ድምፅ ስለሚቃኙ የሚጫወቱት አራት ክር እንደሆነ አድርገው ነው። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ተብለው እንደ ቫዮሊን ይቃኛሉ። በእያንዳንዱ ክር መካከል ያለው የድምፅ ርቀት እኩል በመሆኑ፣ በአንድ ቦታ የተማሩትን የጣት አቀማመጥ ወደ ቀጣዩ ክር ሲያሻግሩት ያው ዜማ በሌላ ቁልፍ (በሌላ መነሻ ድምፅ) ይወጣል። ይህ ለእርስዎ ትልቅ ጥቅም አለው። ክራር አንድ ጊዜ ለትዝታ ከተቃኘ ዘፋኟ «ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ» ባለች ቁጥር መቃኛ ማዞር ግድ ነው፤ በማንዶሊን ግን እጅዎን ሁለት ፍሬት ፈቀቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል። ሰርግ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ከቁልፍ ወደ ቁልፍ ሲዘዋወሩ ለሚያድሩ ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ ቅኝቶቹም ልንገርዎ። ትዝታን በሶል ከጀመሩት ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ስለሚሆን አራቱም ክሮች ሳይጫኑ የቅኝቱ አባል ሆነው ያገኟቸዋል። አምባሰልን በላ ቢጀምሩ ላ፣ ሲ ፍላት (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሲ)፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ይሆንና ከአራቱ ክፍት ክሮች ሦስቱ ያገለግሉዎታል። ባቲንም በሬ ቢጀምሩት ሬ፣ ፋ ሻርፕ (ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ፋ)፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ ሻርፕ ስለሚሆን እንደዚሁ ሦስት ክፍት ክር ይኖርዎታል። ማንዶሊን አንድ ጊዜ ሲመታ ድምፁ ቶሎ ስለሚጠፋ ለዝግታ ትዝታ ረጅም ድምፅ የሚገኘው ፒኩን በፍጥነት ላይ ታች በማንቀጥቀጥ ነው። ይህ አሠራር ለሀገራችን ዜማ ምን ያህል እንደሚመች ለመረዳት የአንጋፋውን የአየለ ማሞን አጨዋወት ፈልገው ይስሙ፤ ከእኔ ብዙ ቃል ይልቅ እሱ ይመስክርልኝ።

ስለ ዓይነቱ ሲያስቡ ሁለት ነገሮችን ለይተው ይመልከቱ። አንደኛው ቅርጽ ነው። በገበያ ላይ ኤ የሚባለው እንደ እንባ ጠብታ ያለ ቀላል ቅርጽ አለ፤ ኤፍ የሚባለው ደግሞ ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ጌጥና ሾጣጣ ጫፎች አሉት። ጌጡ ብዙ የእጅ ሥራ ስለሚጠይቅ ዋጋውን ያንረዋል፤ በድምፅ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያመጣም። የብሉግራስ አባት የሚባለው ቢል ሞንሮ በ1923 በተሠራ የጊብሰን ኤፍ 5 ስለተጫወተ ሁሉም ያንን መልክ ይመኛል፤ በ300 ዶላር የሚገዛ ኤፍ ቅርጽ ግን ገንዘቡ ጌጥ ላይ ያለቀ ነው። ሁለተኛውና ዋናው ነገር የፊት ገጹ እንጨት ነው። ከወጥ ስፕሩስ የተሠራ ፊት እያደር ድምፁ ይከፈታል፤ ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ፊት ግን የገዙት ዕለት እንደነበረ ይቀራል። ስለዚህ ወንድምዎን «ቅርጹ ኤ፣ ፊቱ ወጥ እንጨት» ብለው ይዘዙት።

የድምፅ ቀዳዳውም ልዩነት አለው። እንደ ቫዮሊን ሁለት ረዣዥም ቀዳዳ ያለው ድምፁ ደረቅና ወደ ፊት የሚወረወር ስለሆነ በከበሮ መካከል ይሰማል፤ ለብሉግራስም ምት ምት እያደረጉ ኮርድ (በአንድነት የሚመቱ ድምፆችን) ለመቁረጥ የሚመረጠው እሱ ነው። አንድ ሞላላ ቀዳዳ ያለው ግን ሞቅ ያለና የሚቆይ ድምፅ አለው፤ ለአየርላንድ ዜማና ለብቸኛ ትዝታ እኔ እሱን እመርጣለሁ። እርስዎ ከቡድን ጋር ስለሚሠሩ ባለ ሁለት ቀዳዳውን ቢወስዱ ይሻላል። ኢስትማንና ኬንታኪ የሚባሉት ስሞች ሙሉ በሙሉ ከወጥ እንጨት የተሠሩ ጥሩ የኤ ቅርጽ ማንዶሊኖች አሏቸው፤ አዲስ ሲሆኑ ከበጀትዎ ያልፋሉ፤ ያገለገለ ከተገኘ ግን ሊቀርብ ይችላል።

የመርሳ ልጅ (ከሀገር ውጪ)

ቦርከና ወንድሜ ስለ ማንዶሊን የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። ነገር ግን ጠያቂያችን በጣቱ የሚጫወት የክራር ሰው መሆኑን ሳነብ መልሱ ወደ ባንጆ ያዘነብላል ብዬ አሰብኩ፤ ምክንያቴንም ዘርዘር አድርጌ አቀርባለሁ።

ባንጆ ሲባል የአሜሪካ ነጮች መሣሪያ ብቻ ይመስለናል። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ በባርነት ወደ ካሪቢያንና ወደ አሜሪካ የተጋዙ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ቆዳ በተወጠረበት ቅል ላይ ክር ዘርግተው ይጫወቱት ከነበረው መሣሪያ የመጣ ነው። ክር በተወጠረ ቆዳ ላይ ሲያርፍ የሚሰጠው ያ ደረቅ፣ ቶሎ የሚነሣና ቶሎ የሚጠፋ ድምፅ ለማሲንቆና ለክራር ጆሮ እንግዳ አይደለም። ዛሬ የባንጆ ቆዳ በአብዛኛው ፕላስቲክ በመሆኑ የደሴ ክረምት ጉም ሲወርድ እንደ ማሲንቆ ቆዳ አይላላም፤ እሳት ዳር ማሞቅም አያስፈልገውም።

ባንጆ ብዙ ዓይነት ስላለው ወንድምዎ ሱቅ ገብቶ «ባንጆ» ብቻ ብሎ እንዳይጠይቅ ያስጠንቅቁት። ባለ አምስት ክር አለ፤ አምስተኛው ክር አጭር ሆኖ መቃኛው አንገቱ መሐል ላይ ይቀመጣል፤ አውራ ጣት እየነካካው እንደ ማያቋርጥ ድምፅ ያገለግላል። ኤርል ስክራግስ በ1945 ወደ ቢል ሞንሮ ቡድን ሲገባ በሰፊው ያስተዋወቀው የሦስት ጣት አጨዋወት በዚህ ዓይነቱ ነው። ባለ አራት ክር ቴነር የሚባለውም አለ፤ እሱ በፒክ የሚጫወቱት ሲሆን አየርላንዳውያን ከማንዶሊን አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርገው ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ይቃኙታል፤ ይህንንም ልማድ ያስፋፋው አየርላንዳዊው የባንጆ ተጫዋች በርኒ ማኬና ነው። እንደ ጊታር የሚቃኝ ባለ ስድስት ክርም አለ፤ ጊታር ለሚያውቅ ሰው አቋራጭ ቢሆንም ለእርስዎ የሚጨምረው ነገር የለም።

እንግዲህ እኔ ደጋግሜ የሞከርኩትን የቅኝት ነገር ላካፍልዎ፤ ይህን በሌላ ቦታ ተጽፎ አላገኘሁትም። ባለ አምስት ክር ባንጆ በተለመደው አቃቃኙ ከአምስተኛው ክር ጀምሮ ወደ አንደኛው ሶል፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ ነው። ትዝታ በሶል ሲጀመር ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ነው፤ ባቲ በሶል ሲጀመር ደግሞ ሶል፣ ሲ፣ ዶ፣ ሬ፣ ፋ ሻርፕ ነው። እንደሚያዩት ሶል፣ ሲና ሬ በሁለቱም ውስጥ ስላሉ አምስቱም ክሮች ምንም ሳይነኩ የቅኝቱ ቤተሰብ ናቸው፤ ባዶውን ቢገርፉት እንኳ ከቅኝቱ አይወጣም። ወደ አምባሰል ሲሻገሩ ቅኝቱ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት ይሆናል፤ ሲ ቦታ ስለሌላት ሁለተኛውን ክር በግማሽ ድምፅ ከፍ አድርገው ዶ ያድርጉት፤ በቃ፣ ሌላ የሚቀየር ነገር የለም። የሚገርመው ነገር የአሜሪካ ተራራማ አካባቢ ሽማግሌዎች ለጥንት ዘፈኖቻቸው የሚጠቀሙበት አንዱ አቃቃኝ ልክ ይኸው መሆኑ ነው። ሐዘን የሚበዛበትን ዝቅተኛ ትዝታ ሲፈልጉ ደግሞ ያንኑ ሁለተኛ ክር ወደ ሲ ፍላት ያውርዱት። ክራር ላይ ለየቅኝቱ መቃኛ ማዞር የለመደ እጅ ይህን እንደ ሥራ አይቆጥረውም፤ የጊታር ሰው ቢሆን ግን ይታክተው ነበር።

አንቺሆዬ ላይ አንድ ዘዴ አለ። በሶል ከጀመሩት ሬ ከቅኝቱ ስለምትወጣ ክፍት ክሮቹ ይረብሻሉ። በሬ ይጀምሩት፤ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ሲ ይሆንና የተለመደው አቃቃኝ እንዳለ ይሠራል። ከዚህ ባለፈ ግን በአንቺሆዬ ዘፋኞቻችን የሚያወጧቸው አንዳንድ ድምፆች በፍሬት ላይ በልክ አይቀመጡም። ማሲንቆ ፍሬት ስለሌለው ያገኛቸዋል፤ ባንጆ ደግሞ ክሩ ነጠላና ቀጭን በመሆኑ በጣት ወደ ጎን ገፍተው ትንሽ ሊያቀርቡት ይችላሉ። በማንዶሊን ጥንድ ክርን እኩል መግፋት ከባድ ነው፤ ሁለቱ ክሮች ተለያይተው ይጮኻሉ።

ስለ ቀኝ እጅም አንድ ነገር ልበል። ክሎሃመር የሚባለው ጥንታዊ አጨዋወት የጣት ጥፍርን ወደ ታች እያሳረፉ በአውራ ጣት አምስተኛውን ክር መያዝ ነው። የክራር ግርፍ የሚያውቅ ሰው የእጁ አንጓ ግማሹን ትምህርት ቀድሞ ያውቀዋል። ለዚህ አጨዋወት የሚስማማው ጀርባው ክፍት የሆነው ባንጆ ነው፤ ቀላል ነው፣ 2 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑም አሉ፣ ድምፁም ለስለስ ያለ ነው። ጀርባው በእንጨት ሳህን የተከደነውና ከቆዳው ሥር ከባድ የብረት ቀለበት ያለው ግን ለብሉግራስ የተሠራ ሲሆን 5 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ድምፁ ወደ ፊት ስለሚወረወር በአንድ ክፍል ውስጥ ማሲንቆውንም ዘፋኟንም ይውጣቸዋል። ክፍቱም ቢሆን ከበዛብዎ ከቆዳው በስተኋላ ጨርቅ መወተፍ የታወቀ መላ ነው።

በ300 ዶላር ጥሩ የብሉግራስ ባንጆ አይገኝም፤ ያን የብረት ቀለበት የሚያህል ነገር ርካሽ ሆኖ አይሠራም። ክፍት ጀርባ ያለው ግን የሚሠራባቸው ነገሮች ጥቂት ስለሆኑ በዚህ ገንዘብ ደህና ነገር ይገኛል። ሪኮርዲንግ ኪንግና ጎልድ ቶን በዚህ ደረጃ የሚታወቁ ናቸው፤ ዲሪንግ ጉድታይም የሚባለው አሜሪካ ውስጥ የሚሠራ፣ ለጀማሪ ሁሉ የምመክረው ነው፤ ነገር ግን አዲሱ ከበጀትዎ በላይ ስለሆነ ያገለገለ ይፈልግልዎ። ያገለገለ ባንጆ ካገለገለ ማንዶሊን ያነሰ ያሰጋል፤ ቆዳውም፣ ብሎኑም፣ በርኩማውም በቀላሉ የሚቀየር ስለሆነ አንገቱ ቀጥ ካለ ሌላው ሁሉ ይስተካከላል።

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)

ሁለቱ ወንድሞቼ ያላነሱት አንድ ጉዳይ አለ፤ የክር ነገር። ለማንዶሊንና ለባንጆ የሚሠራው ክር ጫፉ ቀለበት ነው፤ እኛ ገበያ የሚገኘው የጊታር ክር ግን ጫፉ ላይ ትንሽ የናስ ኳስ አለው። ወንድምዎ ያመጣው ክር ካለቀብዎ የጊታርን 0.010 ኢንች አንደኛ ክር ለማንዶሊኑ «ሚ» ክር እንዲሁም ለባንጆው አንደኛና አምስተኛ ክር መጠቀም ይቻላል። ኳሷን በፒንሳ ቀስ ብለው ሲጨፈልቋት ትወጣለች፤ ቀለበቱ ይቀርልዎታል። ወፍራሞቹን ግን በዚህ መንገድ ማሟላት አይመችም። ስለዚህ ሦስት አራት ሙሉ ክር አብሮ እንዲያመጣ ከዋጋው ላይ ይተዉለት።

ክር ሲቀይሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይፍቱ። የሁለቱም መሣሪያ በርኩማ በማጣበቂያ የተያዘ ሳይሆን በክሩ ግፊት ብቻ የቆመ ነው፤ ሁሉንም ከፈቱ ቦታው ይጠፋል። ቦታው የጠፋ እንደሆነ ክሩን በ12ኛው ፍሬት ላይ ሳይጫኑ በጣት ነክተው የሚወጣውን ድምፅ ተጭነው ከሚወጣው ጋር ያስተያዩ። የተጫኑት ከፍ ካለ በርኩማውን ወደ ጅራቱ፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ ትንሽ ትንሽ ይግፉት። አንድ ሌላ ነገር፦ ለሥራ ወደ ባቲ ከተማ ስትወርዱ መሣሪያውን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። ከደሴ ብርድ ወጥቶ እዚያ ሙቀት ውስጥ የተዘጋ እንጨት ማጣበቂያው ይላላል።

የጦሳ ክራር (ደሴ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅሁም ነበር። አሮጌውን ማንዶሊን ትቼዋለሁ። የመርሳ ልጅ ስለ አምባሰል የጻፍከው ዘዴ በጣም ስቦኛል፤ አንድ ነገር ግን አስጨንቆኛል። ዘፋኛችን ትዝታን በሶል አትዘፍንም፤ በላ ወይም በሲ ነው የምትይዘው፤ ሌሊቱ ሲገፋና ድምፅዋ ሲደክም ደግሞ ዝቅ ታደርገዋለች። እንዲህ ሲሆን አምስተኛው ክር ምን ይሆናል? ቦርከናም ያነሣው ይህንኑ ይመስለኛል።

የመርሳ ልጅ (ከሀገር ውጪ)

ጥያቄው ተገቢ ነው። ባንጆ ላይ አራቱን ረዣዥም ክሮች ተጭኖ የሚይዝ ካፖ የሚባል መያዣ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሲታሰር ሶል የነበረው ሁሉ ላ ይሆናል። አምስተኛው ክር ከአምስተኛው ፍሬት ስለሚጀምር ካፖው አይደርስበትም፤ በመቃኛው ሁለት ግማሽ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ላ ይሆናል። ሲ ለመድረስ ግን ክሩን እስከዚያ ማጠንከር እንዲበጠስ ማድረግ ነው። ለዚህ አንገቱ ላይ፣ በሰባተኛውና በዘጠነኛው ፍሬት አጠገብ፣ ትናንሽ ሚስማሮች ይተከላሉ፤ ክሩ በሚስማሩ ሥር ሲገባ በሰባተኛው ላ፣ በዘጠነኛው ሲ ይሆናል። ሥራው የጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሆኖም ጥሩ እጅ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ወንድምህ ከሱቁ ሳይወጣ እንዲያስተክለው ንገረው። ቁልፍ ስትቀይሩ በዘፈኖች መካከል ጥቂት ጊዜ ያስፈልግሃል፤ በአንድ ዘፈን መሐል ግን አይቻልም። ይህን አልደብቅህም።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

የመርሳ ልጅ በቅንነት ስለመለሰ እኔም አቋሜን ላጥራ። ቤት ተቀምጦ ለራሱ፣ ወይም ከአንድ ዘፋኝ ጋር በተለማመዱት ቁልፍ ለሚጫወት የክራር ሰው ክፍት ጀርባ ባንጆ ከማንዶሊን ይበልጥበታል፤ በዚህ ተረትቻለሁ። ሰርግ ቤት ግን ዘፋኟ ሳትነግር ቁልፍ ስትቀይር ማንዶሊን ያድናል። ባንጆ ይዞ ሚስማር የሚፈልግ ሰው ከበሮው ጥሎት ይሄዳል። አየርላንድን በተመለከተም ማንዶሊን የተማረ ሰው በኋላ ቴነር ባንጆ ሲያገኝ ጣቱ አዲስ ነገር አይማርም፤ አቃቃኙ አንድ ነውና። ብሉግራስን በሦስት ጣት መጫወት ግን ከፈለጉ ለባለ አምስት ክር ባንጆ ምትክ የለውም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ለራስዎ አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፦ መሣሪያው ይበልጡን የሚሠራው ሰርግ ላይ ነው ወይስ ቤት?

የጦሳ ክራር (ደሴ)

ሰርግ ላይ ክራሬ አለልኝ፤ ሰዉም የሚፈልገው እሱን ነው። አዲሱን የምፈልገው ይበልጡን ለቤት፣ ለልምምድና አልፎ አልፎ ዘፋኛችን ለብቻዋ ተቀምጣ ትዝታና አምባሰል ስትጫወት ለማጀብ ነው። እንግዲያው ባለ አምስት ክር፣ ጀርባው ክፍት ባንጆ እንዲሆን ለወንድሜ እጽፋለሁ። ከመክፈሉ በፊት ምን ምን ይመልከት?

የመርሳ ልጅ (ከሀገር ውጪ)

አብሽር፣ ብዙ አይደለም። አንገቱ ቀጥ ማለቱን በዓይኑ ይመልከት፤ በ12ኛው ፍሬት ክፍተቱ ለባንጆ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ደህና ነው። ቆዳውን የሚወጥሩት ብሎኖች ሁሉም መኖራቸውንና አንዳቸውም እንዳልላላ በጣቱ ይሞክር። እያንዳንዱን ክር በየፍሬቱ ተጭኖ አንዱም የሚንዛዛ ድምፅ እንደሌለው ይስማ፤ መጫወት የማያውቅ ቢሆንም ይህን ማድረግ አያቅተውም። አምስተኛው መቃኛ ሲዞር በጥርሳማ ጎማ (በጊር) የሚሠራ ይሁን እንጂ እንደ እንጨት መቃኛ በመጨናነቅ ብቻ የሚይዝ አይሁን፤ ይህኛው በትንሽ ንክኪ ድምፁን ይለቃል። ፎቶውን ከጎን አንሥቶ፣ አንድ ሳንቲም በ12ኛው ፍሬት አጠገብ አቁሞ ይላክልህና እዚህ ለጥፈው፤ ከመክፈሉ በፊት አብረን እናየዋለን።

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)

ሚስማሮቹንና ካፖውን አትርሱ፤ ለቆዳው ብሎን የሚሆነውን መፍቻም ይጨምርበት። እዚህ በልኩ አይገኝም።